ለየኔታ የምትነሳዋ መኪና

አዲስ አበባ የሄድኩት ፒክአፕ ልገዛ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ባለቤቴ በየሄደችበት «ቆርቆሮ መጫኛ ልግዛ ብሎ ሄዶ…» እያለች የምትጀምረውን ወሬ ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። እንደኔ ላለ ሰው የሚያስፈልገው ኋላው ክፍት የሆነ፣ ሰፊና ጭቃ የማይፈራ መኪና ነው። ይዤ የተመለስኩት ግን ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ቀይ፣ መሬት ላይ የተለጠፈች የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ነው። ኋላዋ አንድ ባልዲ ቀለም ይይዛል፤ እሱም በግድ ከገፉት።

ጥፋቱ የሻጩ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ፒክአፖቹን እስካመጣልዎት ድረስ እዚህች ላይ አረፍ ይበሉ» አለኝ። አረፍኩ። ወንበሩ ከግራም ከቀኝም ቀስ ብሎ እቅፍ አደረገኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ታቅፎ እንዴት ብሎ ይነሳል? ልጁ ፒክአፑን ይዞ ሲመጣ እኔ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ደረሰ። ምክንያት ደግሞ አላጣሁም። የቤንዚን ሰልፍ የለም፤ ዘይት ቀይሩ የለም፤ ድምፅ የላትም። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «ድምፅስ ቢሆን አንተ ታወጣላታለህ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርቆስ ውስጥ ስለ መኪናዬ ያልነገርኩት ሰው ካለ፣ ከሩቅ አይቶኝ መንገድ የቀየረ ሰው ነው። ሚስማር ሊገዛ የመጣውን ገበሬ ሁሉ ሱቄን ዘግቼ ግቢዬ ወስጄ አሳይ ነበር። ገበሬው በትሕትና ዞሮ ያያትና «ሞተሯ የት ነው?» ይለኛል። «የላትም!» እለዋለሁ ደረቴን ነፍቼ። ከንፈሩን ይመጥልኛል። የተታለልኩ መስሎት ነው።

አዲስ መኪና እንግዲህ ጠበል ሳይረጭ መንገድ አይወጣም። የንስሐ አባታችን ጠበላቸውን ይዘው መጡ፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ጸሎቱን አድርሰው የፊት መስታወቷ ላይ ረጨት ሲያደርጉ፣ ውኃ መጥረጊያዋ ከተደበቀበት ብድግ ብሎ ጠበሉን ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። ደግመው ረጩ፤ ደግሞ ጠረገ። ንስሐ አባታችን ሰው ናቸውና ተናደዱ። የቀረውን ጠበል በሙሉ ባንዴ ሲደፉባት መጥረጊያው ባለ በሌለ ኃይሉ እየተወናጨፈ ጠበሉን መልሶ ጢማቸው ላይ ረጨው።

«ዝናብ መስሏት ነው አባቴ! ጠብታ ስታይ ራሷ እያወቀች የምትጠርግ ናት!» ብል ማን ይስማኝ። አንዲት ጎረቤታችን አማተበችና «እኔስ አላማረኝም» ብላ ልጆቿን ሰብስባ ገባች። የወፍጮ ቤቱ ባለቤትማ ቀድሞም መኪናዬ ቻርጅ ላይ ስትሆን ወፍጮዬ ጉልበት ያጣል እያለ ይከሰኝ ስለነበር፣ ያን ቀን ምስክር ሁሉ አገኘ።

መጥረጊያውን የሚያጠፋ ነገር ልፈልግ ገባሁ። ከመሪው አጠገብ የግድግዳ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን አለ። የመኪናዋ ጠባይ ሁሉ የሚስተካከለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በቻይንኛ ተጽፏል። አንዱን ስነካ የጎን መስታወቶቿ እንደ ጥጃ ጆሮ እጥፍ አሉ። ሌላውን ስነካ ወንበሬ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከመሪው ጋር አጣበቀኝ። ሌላም ነካሁ፤ አንዲት ሴት ከውስጥ በቻይንኛ ረጋ ብላ መናገር ጀመረች። ምን እንዳለችኝ ዛሬም አላውቅም፤ ከድምፅዋ ግን ያዘነችልኝ ይመስለኛል። ሆኖም ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እየገባሁ አጠናኋት። ወር ሳይሞላ «ያልገባኝ ነገር የለም» ማለት ጀመርኩ። ለዚህ ነው ይህ ሁሉ የደረሰብኝ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ሚካኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ አስተምረዋል። እኔ ልጃቸው «አባዬ» ከማለቴ በቀር፣ አገሩ በሙሉ የሚጠራቸው «የኔታ» እያለ ነው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ከእኛ ጋር ማርቆስ ይኖራሉ። ቁመናቸው ያው ነው፤ ጥምጥማቸው ያው ነው፤ ከጉልበታቸው በቀር ያረጀ ነገር የላቸውም። ጉልበታቸውም ቢሆን ማርጀቱን ለማንም አልነገሩም። ሲነሱ መቋሚያቸውን ተክለው ትንሽ ያስባሉ፤ «ምን ሆኑ?» ካሏቸው «አንድ ቃል ጠፍቶብኝ ነው» ይላሉ።

ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ ወደ ደብራቸው መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። በቅሎ ላይ መውጣት አልቻሉም። ሚኒባስ አንድ ጊዜ ሞክረው ነበር። ረዳቱ ከኋላ ገፋቸው፣ አንዱ ተሳፋሪ ከፊት ጎተታቸው፣ «እንደ ጤፍ ጆንያ ተጫንኩ» ብለው ከዚያ ወዲህ ስሙ እንዲነሳባቸው አይፈልጉም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው አለቃ ምስጋናው ናቸው።

አለቃ ምስጋናው የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። በልጅነታቸው የአባቴ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ ያውም የሚመኩባቸው። የኔታን ያገኘ ተማሪ ምን ቢሾም፣ ምን ቢሸመግል፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል። አለቃ ምስጋናው ግን በተሾሙ ዕለት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ጨበጠኝ!» ይላሉ አባቴ እስከ ዛሬ። «እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር ጨበጠኝ!»

እና አልሄድም አሉ። «ሁለት ሰው ደግፎኝ እየተጎተትኩ ገብቼ ለዚያ ሰው መሳቂያ አልሆንም። በእግሬ ከገባሁ ገባሁ፤ ካልሆነ ቅዱስ ሚካኤል ቤቴ ድረስ ያውቀኛል።» እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ ጥቅምት ሲገባ ጀምሮ ጧት ጧት «ኅዳር መቼ ነው የሚገባው ልጄ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ባሕረ ሐሳብ የሚያወጡ ሰው፣ በዓልና አጽዋማትን በጣታቸው ቆጥረው ለካህናቱ የሚነግሩ ሰው፣ ወር ጠፍቷቸው እኔን ይጠይቁኛል! ይህን ስሰማ አንጀቴን በላኝ። «ዘንድሮ እኔ እወስድዎታለሁ» አልኩ። «ማንም ሳይነካዎት፣ በእግርዎ ይገባሉ።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰማችኝ። «በየትኛዋ? በዚያች?» አለች። «እዚያች ውስጥ ሰው ይገባል እንጂ ይወጣል?»

አልተሳሳተችም። እኔ ራሴ ከመኪናዬ የምወጣው አንድ እጄን መሬት አስይዤ ነው፤ ሰው ካየኝ ቁልፍ የወደቀብኝ አስመስላለሁ። ግን የተማርኩት በከንቱ አልነበረም። ከስክሪኑ አንድ ገጽ ውስጥ ቁልፉን የያዘ ሰው ሲቀርብ መኪናዋ ሰውነቷን ከፍ እንድታደርግና ወንበሯን ወደ ኋላ እንድትስብ የሚያደርግ ቦታ አገኘሁ። አበራሁት።

በማግሥቱ ለሙከራ አባቴን ግቢው ውስጥ ቀስ እያልኩ አመጣኋቸው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሲቀርቡ መብራቷ በራ፤ የታጠፉት መስታወቶቿ ተዘረጉ፤ ከዚያ «እፍፍ…» ብላ ተንፍሳ ከመሬት ብድግ አለች።

አባቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። መኪናዋን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ደግሞ መኪናዋን አዩ። ከዚያ ቤት ሲገባ እንደተነሱለት እንግዳ መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ ታች አደረጉና፦

«ኧረ በማርያም! ተቀመጪ! ተቀመጪ!» አሏት።

በሆዷ ውስጥ በአየር የሚነፋ ነገር እንዳለ፣ የሚያስነሳትም የእኔ ቁልፍ እንደሆነ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። የአባቴን ፊት ሳይ ዘጋሁት። ከተማው ውስጥ ሰው ካፌ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ሽማግሌ በአጠገቡ ሲያልፍ የማይነሳ በዝቷል እያሉ የሚያዝኑ ሰው ናቸው።

«ለሽማግሌ ትነሳለች አባዬ» አልኩ።

«አሳዳጊዋ ይባረክ» አሉ።

በሩን ከፈትኩ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ ብሎ ጠበቃቸው። ቁጭ አሉ፤ እግራቸውን አስገቡ፤ አበቃ። ማንም አልነካቸውም። ያልገባው መቋሚያቸው ብቻ ነው። በቁመትም ሞከርን፣ በአግድምም ሞከርን፤ በመጨረሻ በመስኮቱ ጫፉን አውጥተን ጦር እንደያዘ ፈረሰኛ ሆነን ከግቢ ወጣን። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ምንም አላለችም፤ እኔ ያን ዝምታ እንደ ሽልማት ነው የቆጠርኩት።

የበዓሉ ዕለት በማለዳ ተነሳን። መቼም የማርቆስን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከከተማው ሳንወጣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ፣ ልሳለም ብዬ ራሴን ዝቅ ሳደርግ እግሬን ከነዳጁ… ነዳጅስ የላትም፣ እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ። ይህች መኪና እግር ሲነሳላት ራሷን በራሷ ትይዛለች፤ ፍሬን ሳይነካ ዝግ ትላለች፣ አፍንጫዋም ጎንበስ ይላል። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተሳለመች እኮ!»

«እንዲያ ነው አባዬ።»

«የንስሐ አባትህ በመጥረጊያው ነገር ተቀይመው ለእኔ ከሰዋት ነበር። እነግራቸዋለሁ። ልጅ ናት፤ ያኔ ገና አልለመደችም።»

ከዚያ በኋላ በየደብሩ ደጅ እግሬን እያነሳሁ፣ እሷም እየተሳለመች፣ እሳቸውም «እሰይ» እያሉ ሄድን። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር በእያንዳንዱ መሳለም ጥሩንባውን እያስጮኸ ይሰድበኝ ነበር። በዓል ነውና ማርኩት።

ከተማውን ለቀቅ እንዳደረግን አባቴ ድንገት ዝም አሉ። እስከዚያ ድረስ «ይህ ማሳ የእገሌ ነበር፣ እዚህ ወንዝ ላይ በቅሎዬ አልሻገርም አለች» እያሉ ሲያጫውቱኝ ነበር። አሁን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቁጭ ብለዋል። ጥቂት ቆይተው፦

«ልጄ፣ አቁምልኝ» አሉ።

«ምነው አባዬ? ጉልበትዎ ነው?»

«ጉልበቴ አይደለም።» ድምፃቸው ቀጥኗል። «እርጅና ክፉ ነው። እስከ ዛሬ እግዜር ጠብቆኝ ነበር። ወደ ቤት መልሰኝ። ለሚስትህም እንዳትነግር።»

ምን ሆኑ? ምን አመማቸው? እጃቸውን ልይዝ ስል ሸሸት አሉ።

«መኪናህን ሳላበላሽብህ አልቀርም» አሉ። «ከሥሬ… ሞቆኛል።»

የወንበር ማሞቂያው! ብርዱን ፈርቼ፣ ለክብራቸውም ብዬ፣ ሳንነሳ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍቼው ነበር፤ መንገር ግን ረስቻለሁ። «አባዬ፣ ወንበሩ ነው! ወንበሩ ራሱ ነው የሚሞቀው! እርስዎ አይደሉም!» ብዬ ጮህኩ። አላመኑኝም። መንገድ ዳር አቆምኩና የእኔን ወንበር አስነካኋቸው። ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው ከራሳቸው ሥር ሰደዱ። ደረቅ ነው። «ተመስገን!» አሉና መሳቅ ጀመሩ። ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። አባቴ እንዲያ ሲስቁ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ያቺ ቻይናዊት ሴትም በሳቃችን የተጠራች መስሏት ከስክሪኑ ውስጥ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ድምፅዋ መልካም ነው» አሉ አባቴ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዜማ ግን አልተማረችም።»

ማሞቂያውን ላጥፋው ስል «ትንሽ ተወው» አሉ።

ደምበጫን አልፈን ከአስፋልቱ ወጣን። ወደ ደብሩ የሚወስደው ጥርጊያ ድንጋያማ ስለሆነ መኪናዋን እስከምትችለው ከፍታ አነሳኋት፤ እንደ ዶሮ እየተራመደች አንድም ድንጋይ ሳይነካት አወጣችን። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ምን ነበረበት? ግን ከጥርጊያው ቀጥሎ ለጥ ያለ ለምለም ሜዳ አለ። ከሜዳው ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ደጀ ሰላሙ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ። ታቦቱ ገና አልወጣም። ፈረሳቸውን ያሰሩ፣ ባጃጃቸውን ያቆሙ፣ ሁሉም ዞረው ያዩናል። ከመስኮቱ የወጣውን መቋሚያ አይተው «የኔታ ናቸው! የኔታ መጡ!» ሲሉ ይሰማል። እኔም ልቤ አበጠ። ይህን የመሰለ አገባብ በዝምታ ይሁን? ስክሪኑ ላይ «ስፖርት» የምትለውን ነካሁ።

ሞተር የሌላት መኪና የሞተር ጩኸት ጮኸች፤ ከድምፅ ማጉያዋ ነው። በዚያው ቅጽበት ሰውነቷን ዝቅ፣ ዝቅ አድርጋ ሣሩ ላይ ተኛች። ፈረሶቹ ገመድ እስኪበጥሱ ደነገጡ። እኔ ግን ሜዳውን ግማሽ ክብ ዞሬ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት፤ አጠፋኋት፤ «ቁልፍ ወድቆብኝ» ወጣሁ፤ ዞሬ የአባቴን በር በክብር ከፈትኩ።

መኪናዋ አልተነሳችም።

ስፖርት ላይ ስትሆን ለቁልፉ እንደማትነሳ የተረዳሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አባቴ ጉልበታቸው ጢማቸው አጠገብ ደርሶ ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው መሆናቸውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለመነሳት ሞከሩ። መቋሚያቸውን ተክለው እንደገና ሞከሩ። የትም አልሄዱም። ቁልፉን ከሩቅ ይዤ ብቀርብ ትነሳ ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ ሄጄ መጣሁ፤ ሄጄ መጣሁ። ሕዝቡ ስለት ያለብኝ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ።

ጎረምሶች ሮጠው መጡ። «የኔታ፣ እንርዳዎት፤ አንድ አፍታ ነው!»

«ማንም እንዳይነካኝ!» አሉ አባቴ። ድምፃቸው እንደ ጥንቱ ነበር፤ ፊታቸው ግን አልነበረም። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሚኒባስ ሲነሳባቸው ነው የማውቀው። በክብር አመጣዎታለሁ ብዬ፣ በቀይ ሣጥን ውስጥ አድርጌ፣ ጥሩንባ እያስነፋሁ ለተማሪዎቻቸው መሳለቂያ አቀረብኳቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ለነገሩ ከመሬት ብዙም አልራቅንም ነበር።

ተመልሼ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወደቅኩና ስክሪኑን መደብደብ ጀመርኩ። መጥረጊያው ተነሳ። የኋላ ክዳኗ ተከፈተ። ቻይናዊቷ ሴት አዘነችልኝ። በዚህ መካከል ሽበታም የሆኑ አንድ መሪጌታ ሕዝቡን አልፈው መጡ፤ ከጉንደ ወይን ለበዓሉ የመጡ የአባቴ የድሮ ተማሪ ናቸው። እንደ ወጉ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ጉልበቱ የለም። ጉልበቱ ያለው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። መሪጌታው መቋሚያቸውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ራሳቸውን ወደ መኪናው አስገብተው ሳሙ።

አባቴ ከላይ ሆነው አዩአቸው። «ከላይ» ስል አትሳቁ፤ የተንበረከከ ሰው ከእሳቸውም ዝቅ ይላል።

«ማነህ አንተ? እገሌ ነህ? ድጓህን አልረሳኸውም?»

«አልረሳሁም የኔታ።»

«እስቲ በል።»

መሪጌታው እዚያው ተንበርክከው አንድ መስመር አዜሙ። አባቴ አንድ ቦታ አረሟቸውና ለቀቋቸው። ቀጥሎ ከቁይ የመጡ ቄስ ተንበረከኩ፤ ጥምጥማቸው በጣም ትልቅ ስለነበር ራሳቸው ሲወጣ ጥምጥሙ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሰልፉ ሜዳውን ዞረ። ዕድሜ ልካቸውን ጉልበታቸው ተስሟል፤ እንዲህ መሬት ወርዶ የሳመ ግን አልነበረም፤ መኪናዋ ሌላ መንገድ አትሰጥምና። የአባቴ ፊት እየበራ ሲሄድ ከአጠገባቸው ሆኜ እያየሁ ጣቴን ከስክሪኑ አላነሳሁም። በድንጋጤ ጠፍቶብኝ የነበረውን የከፍታ ገጽ ያገኘሁት ያኔ ነው። ነካሁ። «እፍፍ…» ብላ መነሳት ጀመረች። እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ልክ በዚያች ሰዓት ሰልፉ ተከፈለ። አለቃ ምስጋናው ካባቸውን ለብሰው፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ከሕዝቡ ሁሉ በላይ ታይተው እየመጡ ነው።

አባቴ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፦ «ዝቅ አድርጋት» አሉ።

«ምን አሉኝ አባዬ?»

«ዝቅ አድርጋት አልኩህ!»

ዝቅ አደረግኋት።

አለቃው በሩ አጠገብ ቆሙ። ከእኛ ቦታ የሚታየው ከመቀነታቸው በታች ብቻ ነው። የተዘረጋ እጅ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ለጥቂት ጊዜ ቆየ፤ የሚጨብጠው አላገኘም። አባቴ ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። ከዚያ ጥላው ታጠፈ። አለቃው በሩን ያዙ፤ ቀስ ብለው ወረዱ፤ መሐል ላይ ቆሙ፤ ተነፈሱ፤ እንደገና ወረዱ። ፊታቸው ላብ አጥምቆታል። የአባቴን ጉልበት ሳሙ።

እንደሳሙ ቀሩ። አልተነሱም። ሕዝቡ ይጠብቃል፤ አባቴ ይጠብቃሉ፤ አለቃው ጉልበቱ ላይ እንደተደፉ ናቸው። በመጨረሻ ለሁለታችን ብቻ የሚሰማ ድምፅ መጣ።

«የኔታ… ተያዝኩ።»

«ምንህን?»

«ወገቤን። ጎንበስ ካልኩ አልነሳም። ያን ጊዜም… የተሾምኩ ዕለት… ያ ሁሉ ሰው ፊት ተደፍቼ እንዳልቀር ፈርቼ ነው የጨበጥኩዎት።»

አባቴ ወደ አለቃው ጆሮ ጎንበስ አሉ። «ምነዋ ታዲያ፣ አትነግረኝም ነበር?»

«እርስዎስ ጉልበትዎን ለማን ነገሩ?» አሉ አለቃው ከተደፉበት።

አባቴ እጃቸውን አንስተው በአለቃው ራስ ላይ ጫኑ። ከዚያ ለሕዝቡ በሙሉ ድምፃቸው፦ «ጸጥ በሉ! እየመረቅሁት ነው!» አሉና ምርቃታቸውን ጀመሩ። እንዲህ ያለ ረጅም ምርቃት ሰምቼ አላውቅም። ለሹመቱ መረቁ፣ ለጤናው መረቁ፣ ለደብሩ መረቁ። ሕዝቡ «አሜን!» ባለ ቁጥር በአሜኑ መሐል ወደ እኔ ጠጋ ብለው፦ «አንሳን… ቀስ አድርገህ» ይሉኛል።

ጣቴን አስቀመጥኩ። መኪናዋ ተነፍሳ ቀስ እያለች ተነሳች። የአባቴ ጉልበት ተነሳ፤ ጉልበቱን የያዙት አለቃ አብረው ተነሱ። አባቴ እግራቸውን ወደ ሣሩ አውጥተው መቋሚያቸውን ተከሉና ቆሙ። አለቃው የአባቴን ክንድ ይዘው ትንሽ በትንሽ ተቃኑ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ማን ማንን እንደደገፈ ያወቀ የለም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ እነሱም የሚነግሩ አይመስለኝም። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በእግራቸው፣ ደጀ ሰላሙን አልፈው ገቡ።

ከመኪናዬ ጋር ውጭ ቀረሁ። ታቦቱ ሲወጣ ወረቡ ተጀመረ፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል የአባቴን ለይቼ ሰማሁት። መኪናዋን ለማየት የከበቧት ጎረምሶች ነበሩ፤ ዙሪያዋን ይዳስሳሉ፣ በመስኮቷ ያያሉ። ስለ ፍጥነቷ፣ ስለ ባትሪዋ፣ ስለ ወንበሯ ለወራት ያዘጋጀሁት ንግግር አፌ ላይ ነበር። አንዱ ዞሮ «ጋሼ፣ ይህች መኪና የማን ናት?» አለኝ።

«የየኔታ ናት» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።